አዲሰን ያለበትን ውሻ በጎንደር መንከባከብ፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ዕለት ክኒን

ውሻችሁ ይታመማል። ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሐኪም ዘንድ ትወስዱታላችሁ። ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ መርፌ ይወጋል። በማግስቱ ጅራቱን እየቆላ ይነሳል። የበላው ነገር ነው የረበሸው ተብሎ ይረሳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ግሉኮስ፣ እንደገና መርፌ፣ እንደገና ይነሳል።

ይህ መመላለስ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። አዲሰን የሚባለው የአድሬናል ሆርሞን እጥረት ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መልክ ነው። ሳይታወቅ ከቆየ ይገድላል። ከታወቀና መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተሰጠ ግን ውሻው ዕድሜውን ሙሉ በደህና ይኖራል። ጎንደር ላይ የሚከብደው በሽታውን መለየትና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ማግኘት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ምን ሆኖ ነው?

ከኩላሊቶቹ አጠገብ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ከሚያመነጯቸው ሆርሞኖች ሁለቱ ለሕይወት የግድ ያስፈልጋሉ። አንዱ ኮርቲሶል ነው። ሰውነት ድንጋጤን፣ ሕመምን፣ ረሃብን የሚቋቋመው በእሱ ነው። ሁለተኛው አልዶስትሮን ነው። ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስቀርና ፖታሲየምን እንዲያስወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። አዲሰን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሶዲየም በሽንት ይወጣል፣ ውኃም አብሮት ይሄዳል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማችና የልብን ምት ያዘገያል።

መነሻው በብዛት የውሻው የራሱ የሰውነት መከላከያ እጢዎቹን ማጥቃቱ ነው። ምልክት በግልጽ የሚታየው ከእጢው 85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከተበላሸ በኋላ ነው። ለዚህ ነው «ትናንት ደህና ነበር» የሚባለው። በሽታው ስሙን ያገኘው በሰው ላይ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ1855 ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው።

ብዙዎቹ ሲታመሙ ወጣት ወይም መካከለኛ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከወንድ ይልቅ ሴት ውሾች ላይ ይበዛል። እንደ ፑድል ያሉ አንዳንድ ዝርያዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ይሁን እንጂ ድቅልም ሆነ የአበሻ ውሻ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «የእኛ ውሻ የፈረንጅ ዝርያ አይደለም» ብላችሁ አትለፉት።

ሌላም መነሻ አለ፤ እሱን በደንብ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ለቆዳ ማሳከክ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን (እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ፣ ኮርቲዞን የሚባሉ መድኃኒቶች) ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ውሻ የራሱ እጢ ሥራውን ያቆማል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ እጢው ወዲያው አይነቃም። ውሻውም ኮርቲሶል ያጣል። ይህኛው እጥረት ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው። የሚታከመውም መድኃኒቱን መልሶ ጀምሮ ቀስ በቀስ በመቀነስ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ባለፉት ወራት የተሰጠውን ክኒንና መርፌ ሁሉ ተናገሩ። ቅባትና የዓይን ጠብታም አይቅር።

1. የምታዩትን ጻፉ

ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ያያችሁትን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለትና ሦስት ቀናት ቤት ውስጥ የሆነውን ጻፉ። እንግዳ መጥቶ ነበር? ሰርግ ነበር? መኪና ተሳፍሮ ነበር?

መመዝገብ ያለባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ምግብ መተው፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ፣ የኋላ እግር መድከም፣ ሳይበርደው መንቀጥቀጥ፣ ውኃ ማብዛትና ሽንት ማብዛት። አንዳቸውም ቢሆኑ ለብቻቸው አዲሰንን አያረጋግጡም። የሚያስጠረጥረው መጥተው መሄዳቸውና ከጭንቀት በኋላ መባሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነታችሁ አንድ ነገር ልበል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ። ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ ወይም መዋጥ ቢያቅተው አፉ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ፤ ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። በሌላ በኩል የሚንገዳገድ ውሻ ያየ ጎረቤት «አብዷል» ብሎ ድንጋይ ሊያነሳበት ይችላል። የክትባት ካርዱ የታደሰ ይሁን፣ ጎረቤትም ውሻው ታማሚ መሆኑን ይወቅ። አዲሰን ያለበትን ውሻ ከሌላው ውሻ በላይ የሚያድነው አንዱ ነገር ይህ ነው።

2. ምርመራውን በቅደም ተከተል አስደርጉ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ከተማችን ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደዚያ ወይም ወደምታምኑት የእንስሳት ሐኪም ሂዱ። ስትገቡ ደብተሩን አሳዩና በግልጽ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ሕመሙ እየሄደ ይመለሳል። አዲሰን ሊሆን ይችላል? ሶዲየምና ፖታሲየሙን ብናየውስ?»

የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ነው፦ የሶዲየምና የፖታሲየም መጠን። የሶዲየሙን ቁጥር ለፖታሲየሙ አካፍሉት። ጤነኛ ውሻ ላይ ውጤቱ ከ27 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሶዲየም 128፣ ፖታሲየም 6.4 ቢሆን 128 ለ6.4 ሲካፈል 20 ነው። ይህ በጣም ያስጠረጥራል።

ደሙ የሚቀዳበት ቱቦ ዋጋ አለው። ለደም ሴል ቆጠራ የሚያገለግለው ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ያለበት ኬሚካል አለው። በእሱ የተቀዳ ደም ፖታሲየሙ ያለአግባብ ከፍ ብሎ ይነበባል። ለኤሌክትሮላይት (ለሶዲየምና ለፖታሲየም) ምርመራ የተለየ ቱቦ ያስፈልጋል። ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ በተለይ ይህን አረጋግጡ፤ አስቀድማችሁም የውሻ ደም ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ቁጥሩ ዝቅ አለ ማለት አዲሰን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ብርቱ የአንጀት ትላትል፣ በተለይ ዊፕወርም የሚባለው፣ ተመሳሳይ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሰገራ ይመርመር። ቡችላ ወይም ያልተከተበ ውሻ ከሆነ ፓርቮ የሚባለው የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ የቫይረስ በሽታ ይታሰብ። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎችም ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ያመጣሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን ኩላሊት ነው። አዲሰን ያለበት ውሻ ፈሳሽ ስለሚያጥረው ኩላሊት የሚያስወግዳቸው ዩሪያና ክሬአቲኒን ደሙ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ሽንቱም ይቀጥናል። ውጤቱን ያየ ሰው «ኩላሊቱ ሞቷል፣ ተስፋ የለውም» ሊል ይችላል። ወጣት ውሻ ላይ እንዲህ ከተባላችሁ ውሳኔ ከመስጠታችሁ በፊት ኮርቲሶል እንዲለካ ለምኑ። ሊድን የሚችል ውሻ በዚህ ምክንያት እንዲሞት መደረግ የለበትም።

የደም ሴል ቆጠራም ፍንጭ ይሰጣል። በጠና የታመመ ውሻ በተለምዶ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴሉ ይቀንሳል። አዲሰን ላይ ግን መደበኛ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። የደም ስኳርም ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ ኮርቲሶል ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል በዴሲሊትር ከ2 ማይክሮግራም፣ በሌላው መለኪያ በሊትር ከ55 ናኖሞል በላይ ከሆነ አዲሰን ላይሆን የሚችልበት ዕድል እጅግ ሰፊ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ኤሲቲኤች በተባለው ሆርሞን እጢውን ቀስቅሶ መልሶ መለካት ያስፈልጋል። ተቀስቅሶም ከ2 በታች ከቆየ ተረጋገጠ። ኤሲቲኤች ካልተገኘ ሐኪሙ ከምልክቱ፣ ከኤሌክትሮላይቱ፣ ከኮርቲሶሉና ለሕክምናው ከሚሰጠው ምላሽ ተነስቶ ይወስናል።

ኮርቲሶል ሳይለካ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን መስጠት ውጤቱን ያበላሻል፤ መለኪያው እነሱንም እንደ ኮርቲሶል ይቆጥራቸዋል። ዴክሳሜታዞን እንዲህ አያሳስትም። ውሻው ሊሞት ከደረሰ ግን ሕክምናው ይቅደም። ከተቻለ ከመርፌው በፊት ደም ተቀድቶ ይቀመጥ።

ኤሌክትሮላይታቸው ጤነኛ ሆኖ ኮርቲሶላቸው ብቻ የጎደለ ውሾችም አሉ። ሶዲየምና ፖታሲየሙ ደህና ነው ተብሎ ምልክቱ ግን ከቀጠለ በዚያ አታቁሙ።

3. ድንገት ሲወድቅ

ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ድዱ ገርጥቶ፣ መቆም አቅቶት ካገኛችሁት ይህ የአዲሰን ቀውስ ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

የኋላ እግሩን የውስጥ ጭን በጣታችሁ ዳብሱና የልቡን ምት ቁጠሩ። ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ፈሳሽ አጥሮት የወደቀ ውሻ ልቡ በፍጥነት ይመታል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ቀርፋፋ ከሆነ፣ በተለይ በደቂቃ ከ60 በታች ከወረደ፣ ፖታሲየሙ ከፍ ማለቱን ይጠቁማል። ይህን ቁጥር ለሐኪሙ በስልክ ንገሩት።

በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጉዞ ጀምሩ። በግድ ውኃ አትጋቱት፤ የደከመ ውሻ ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ነቅቶ የሚውጥ፣ የተከተበም ከሆነ ድዱን ጥቂት ማር መቀባት የወረደ ስኳርን ለጊዜው ይረዳል። ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ግን በራሳችሁ አትስጡ፤ ፖታሲየም አለበት።

ክሊኒክ ስትደርሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ «አዲሰን ያለበት ውሻ ነው፤ ኖርማል ሳላይንና የኮርቲዞን መርፌ ያስፈልገዋል።» እኛ በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ ግሉኮስ እንላለን። ለዚህ ውሻ ግን ልዩነት አለው። ዋናው የሚያስፈልገው 0.9 በመቶ የጨው ፈሳሽ ነው። ስኳር ብቻ ያለበት ፈሳሽ ሶዲየሙን አይመልስለትም። ኖርማል ሳላይን ከጠፋ ሪንገር ላክቴት ከምንም ይሻላል። የፈሳሹን ፍጥነት፣ የዴክሳሜታዞኑን ወይም የሃይድሮኮርቲዞኑን መጠን፣ ለልቡ ካልሲየም ግሉኮኔት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በጣም የወረደ ሶዲየም በአንዴ ከፍ ከተደረገ አንጎልን ይጎዳል። ስለዚህ «ቶሎ ይግባለት» ብላችሁ አታስቸኩሉ።

4. የዕለት መድኃኒት

ሁለት ሆርሞን ስለጎደለ ሁለት ነገር መተካት አለበት።

ኮርቲሶልን የሚተካው ፕሬድኒሶሎን ነው። ርካሽ ነው፣ በሰው ፋርማሲም በቀላሉ ይገኛል። የተለመደው መነሻ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው። ውሻው 15 ኪሎ ቢመዝን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሽ 2.5 ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ብዙ ውሾች ከዚህም ባነሰ ይበቃቸዋል፣ በተለይ ትልልቆቹ። ለቆዳ አለርጂ የሚሰጠው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የሌላ ውሻ ማዘዣ አትከተሉ። ጠዋት ከምግብ ጋር ስጡት፤ በትንሽ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሥጋ ጠቅልላችሁ ስትሰጡት መዋጡን ተመልከቱ። ክኒን መቁረጫ ግዙ፤ በቢላ የተቆረጠ ግማሽ ሁሌ ግማሽ አይሆንም።

አልዶስትሮንን የሚተካው ፍሉድሮኮርቲዞን ነው። ክኒኑ ባለ 0.1 ሚሊግራም ነው። የተለመደው መነሻ በቀን በኪሎ 0.02 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ለዚያው 15 ኪሎ ውሻ 0.3 ሚሊግራም፣ ማለትም በቀን 3 ክኒን ይሆናል። በወር 90 ክኒን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት መጠኑ እየጨመረ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። ፍሉድሮኮርቲዞን ራሱ ትንሽ የኮርቲሶል ሥራም ስለሚሠራ አንዳንድ ውሾች በኋላ ፕሬድኒሶሎን የዘወትር አያስፈልጋቸውም። ይህንም ሐኪም ሳይፈቅድ አትሞክሩት።

በውጭ አገር ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ በየ25 ቀኑ ገደማ የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ ዲኦሲፒ ይባላል፣ ከንግድ ስሞቹ አንዱ ዛይኮርታል ነው። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ጥሩ አማራጭ ነው። ግን የኮርቲሶልን ሥራ ፈጽሞ አይሠራም። እሱን የሚወጋ ውሻ ፕሬድኒሶሎኑን በየቀኑ መውሰዱ ግድ ነው። «መርፌ ስለተወጋ ክኒኑ ይቅር» የሚል ሰው ውሻውን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

በአንጻሩ ፕሬድኒሶሎን ብቻውን የሶዲየሙን ነገር አያስተካክልም። ውሻው ለጥቂት ሳምንታት ይበረታና ይወድቃል። አንዳንዱ መመላለስ የሚፈጠረው በዚህ ነው።

5. ክኒኑ እንዳያልቅ

ከሁሉም በላይ ልባችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፍሉድሮኮርቲዞን በየፋርማሲው የሚደረደር መድኃኒት አይደለም። ፒያሳ ካጣችሁት ማራኪ ወይም አዘዞ ጠይቁ፤ እዚያም ከሌለ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ማፈላለግ ሊኖር ነው። አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ቢያንስ የሁለት ወር መጠባበቂያ ይኑር። የወሩን ስትከፍቱ የሚቀጥለውን ማፈላለግ ጀምሩ። አንድ ማሸጊያ ሲቀር መጀመር ዘግይቶ ነው።

ፋርማሲስቱን ወዳጅ አድርጉት። የሐኪሙን ማዘዣ አሳዩት፣ በየወሩ ስንት ክኒን እንደምትፈልጉ ንገሩት። በየወሩ የሚመጣ ደንበኛ እንዳለው ያወቀ ፋርማሲስት ከአከፋፋይ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የቀረበውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ። ክኒኑን ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት አስቀምጡት።

ፍሉድሮኮርቲዞን እያለቀ ከሆነ ሳያልቅ ለሐኪሙ ደውሉ። ለጊዜው በሃይድሮኮርቲዞን ሊያሻግረው ይችል ይሆናል፤ ሃይድሮኮርቲዞን ሶዲየምን የማስቀረት መጠነኛ ኃይል አለው። ዴክሳሜታዞን ያ ኃይል የለውም። ያለውን ክኒን ለማብቃቃት ብላችሁ በራሳችሁ ግማሽ ግማሹን አትስጡ።

ክኒኑን ውጦ ወዲያው ካስመለሰው አንዴ ድገሙለት። ሁለተኛውንም ካስመለሰው መርፌ ያስፈልገዋል፤ እስከ ነገ አትጠብቁ።

6. ከጭንቀት በፊት መጠን መጨመር

ጤነኛ ውሻ ሲደነግጥ አድሬናሉ ኮርቲሶሉን ይጨምርለታል። የእናንተ ውሻ ይህን ማድረግ አይችልም። እናንተ ልትጨምሩለት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የዕለት ፕሬድኒሶሎኑን ለዚያ ቀን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ለከባድ ነገር ሐኪሙ ከዚያም በላይ ሊያዝ ይችላል። ፍሉድሮኮርቲዞኑ እንዳለ ይቀጥላል። ይህን በደህናው ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙት። የጭንቀቱ ቀን ሲመጣ ስልክ ላይነሳ ይችላል።

ጎንደር ላይ የዓመቱ ትልቁ ፈተና ጥምቀት ነው። ከከተራ ጀምሮ ከበሮው፣ እልልታው፣ ሆታው፣ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ለእኛ ደስታ ነው። በተለይ ቤታችሁ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ወይም ለፋሲለደስ መዋኛ ቅርብ ከሆነ ውሻው ሦስት ቀን ሙሉ አያርፍም። ጥር 10 ጠዋት፣ ጩኸቱ ሳይጀምር የጨመረውን መጠን ስጡት። በ11 እና በ12 ድገሙ፤ ሲረጋጋ ወደ ዘወትሩ መልሱት። ከመንገዱ በራቀው ክፍል ውኃውንና መኝታውን አዘጋጁለት።

ቡሄንም አትርሱ። ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ ድምፁ ከተኩስ አይለይም። ይህ ደግሞ ነሐሴ 13 ብቻ አይደለም፤ ቀደም ብሎ በየሰፈሩ ይጀምራል። እንዲህ ለሚረዝም ነገር በየቀኑ እጥፍ መስጠት ወደ ብዛት ይወስዳል። የባሰባቸውን ቀናት መርጣችሁ ጨምሩ፣ በሌላው ቀን ከድምፁ ማራቅ ይሻላል። የጥር ሰርግ፣ የሰርግ ተኩስ፣ ግቢ ውስጥ የሚጣል ድንኳን፣ ረጅም የመኪና ጉዞ፣ ቤት መቀየር፣ የሚወደው ሰው ከቤት መሄድ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። አዎ፣ ሐዘንም ይቆጠራል። ለቅሶ ቤት ሲሆን ግቢው በሰው ይሞላል፣ የውሻው ክኒን ደግሞ ማንም ትዝ አይለውም። አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ።

ቀዶ ሕክምና ወይም ማኮላሸት ካለ ሐኪሙ ከማደንዘዣው በፊት የኮርቲዞን መርፌ ማቀድ አለበት። በሽታውን ሳትናገሩ አታስገቡት።

ምን ያህሉ ጭንቀት መጨመርን ይጠይቃል? ውሾች ይለያያሉ። አንዱ መኪና ሲሳፈር ይደሰታል፣ ሌላው ሲያየው ይንቀጠቀጣል። ደብተራችሁ መልሱን ይሰጣችኋል። ብትጠራጠሩ አንድ ቀን መጨመር አይጎዳውም፤ በሚያስፈልገው ቀን አለመጨመር ግን ሊጎዳው ይችላል።

7. ምግብ

ልዩ ምግብ አያስፈልገውም፤ ሳይለዋወጥ በየዕለቱ ያው መሆኑ ይበቃል።

ብዙ ቤት ውሻ የሚበላው ከማዕድ የተረፈውን ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው በአንዴ ይጠፋል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የበግ ስብና አጥንት ይጎርፍለታል። ጤነኛ ውሻ ሆዱ ተረብሾ ያልፍለታል። አዲሰን ያለበት ውሻ ግን ካስመለሰ ክኒኑንም ያስመልሳል፣ ፈሳሽም ያጣል፣ ከዚያ ቀውስ ይከተላል። በጾም ወቅትም ከልኳንዳ ትንሽ ሥጋ ወይም ሳንባ እየገዛችሁ በደንብ ቀቅላችሁ ከሩዝ ጋር ስጡት። ጥሬውን አትስጡ፤ የትል በሽታ ያመጣል። በፋሲካ ቀን አጥንትና ስቡ ይቅርበት። ቤተሰቡም እንግዳውም ይህን ይወቅ።

ወጥ አይስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ። ንጹሕ ውኃ ሌት ተቀን ይኑረው። ጨው እንጨምርለት የሚለውን ሐኪሙ ካላዘዘ ተዉት።

8. ክትትል

ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሶዲየምና ፖታሲየሙ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለካ። ቁጥሩ ሲረጋጋ ለጥቂት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ። ውሻው ደህና ስለመሰለ ቀጠሮ አይዘለል። ፍሉድሮኮርቲዞኑ እያነሰው እንደሆነ ቁጥሩ ከውሻው ቀድሞ ይናገራል።

ፕሬድኒሶሎን ሲበዛ ውኃ ያበዛል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል፣ ጥጋብ አያውቅም፣ ያለከልካል፣ ይወፍራል፣ ፀጉሩ ይሳሳል። ሲያንስ ምግብ ይተዋል፣ ይደክማል፣ ያስመልሳል። ከሁለቱ አንዱን ብታዩ በራሳችሁ በአንዴ አታቁሙ፣ ደውሉ። በወር አንዴ መዝኑት። ሚዛኑ ላይ እሱን ታቅፋችሁ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሱ ነው።

ለሕመም ተብሎ የሰው አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ፈጽሞ አትስጡት። ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጨጓራና አንጀቱን ያደማሉ። የመዥገርና የትል መድኃኒቱ፣ ክትባቱም በጊዜው ይቀጥል። የመተኪያ መጠን የሚወስድ ውሻ ከክትባት አይከለከልም።

9. እናንተ በሌላችሁ ቀን

ለሳምንት ብትሄዱ ክኒኑን የሚሰጠው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ጎረቤት እማማ? ማንም ይሁን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቀን እያያችሁት እሱ ይስጥ። ክኒኑን በየቀኑ ለይታችሁ በትናንሽ ወረቀት ጠቅልሉ፣ በላዩ ቀኑን ጻፉ። መጠቅለያው ከተገኘ አልተሰጠም ማለት ነው፤ ለመቆጣጠርም ይቀላል። ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርስ ባለ ባጃጅ ስልክም ይያዝ፣ የትራንስፖርት ብርም ይቀመጥ።

ከዚያ ይህን ካርድ አዘጋጁ። አንዱን ከክትባት ደብተሩ ጋር፣ አንዱን ግድግዳ ላይ፣ በስልካችሁም ፎቶውን ያዙ፦

«ይህ ውሻ የአድሬናል ሆርሞን እጥረት (አዲሰን) አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ተከትቧል፤ ቀን ____። ክብደት ____ ኪሎ። ጠዋት ፕሬድኒሶሎን ____ ሚሊግራም። ፍሉድሮኮርቲዞን ጠዋት ____ ማታ ____ ክኒን። በጭንቀት ቀን ፕሬድኒሶሎን ____ ሚሊግራም። ካስመለሰ፣ ካልበላ ወይም ከደከመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ከወደቀ ኖርማል ሳላይንና የኮርቲዞን መርፌ ያስፈልገዋል። የሐኪም ስልክ ____። የባለቤት ስልክ ____።»

መጠኑን በእርሳስ ጻፉት። በየቀጠሮው ሊቀየር ስለሚችል፣ በተቀየረ ቀን ሁሉም ካርዶች አብረው ይስተካከሉ።